ካፖርቷን የሸጠችው ሴት

ላሊበላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለአክስቴ ልጅ ለፈትለወርቅ፤

ይህ ወረቀት ከእጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ሰውነትሽም የሞቀ ይሁን። እኛ በላስታ ያለነው ሁሉ ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው ወጥቷል፣ ገብሱም አሽቷል። ለመስቀል ሙጃ ሄጄ እናትሽን አክስቴ እታገኘሁን አይቻታለሁ፤ ጠንካራ ናት። ስለ ትምህርትሽ ብነግራት ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ያ አገር ብርድ ነው ይላሉ፤ ምን ትለብሳለች?» አለች። እባክሽ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ለዚህ መልስ አትርሺ።

ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ከጂኦግራፊው በላይ ዘንድሮ የዘጠነኛ ክፍልን የምጣኔ ሀብት ትምህርት ጭነውብኛል። መጽሐፉ ለትምህርት ቤቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከፊቱ ዐሥር ገጽ ተቀዷል። ልጆቹ ያለውን ሁሉ እንደ ዳዊት ይደግሙልኛል። ትርጉሙን ስጠይቃቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ።

መስከረም ላይ የሲኒማ መኪና መጥታ ነበር። አመሻሹ ላይ ከሆቴሉ ግድግዳ ነጭ አቡጀዲ ሰቅለው ስለ ትራክተር አሳዩን። ከአሸተን ተራራ ሥር የሚያርሰውን አራጋውን ታውቂው የለም? ትራክተሩ ማሳውን ገልብጦ ሲጨርስ ከሕዝቡ መካከል ተነሣና «ትራክተሩስ መጣ፤ በሬዎቹ የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀ። የፊልሙ ሰው አቡጀዲውን ማውረድ ጀመረ። በማግስቱ ክፍል ስገባ ልጆቼ በዚያ ጥያቄ እየተከራከሩ ነበር፤ ስለ መኖ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ በሬው ፍግ፣ ሥራ ፈትቶ ስለሚቀረው አራሽ። እኔ በወር ያላስጨበጥኳቸውን አራጋው በአንድ ጥያቄ አስጨበጣቸው፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት።

ያን ቀን ገባኝ። ሰው ያየውን አይረሳም። የሲኒማ መኪናዋ ግን እንኳን በየወሩ በየዓመቱም አትመጣ። አንቺ ያለሽበት ከተማ ሲኒማ ቤት ሞልቷል ይባላል። ገንዘብም ዕቃም አልለምንሽም፤ ገብተሽ ያየሽውን አንድ አንድ ትዕይንት ጻፊልኝ። ሰዎች ሲገዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲመርጡ፣ ሲቸግራቸው። እኔ በሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ።

የአሸተኗ ማርያም ከፊትሽ ትቅደም።

ወንድምሽ ደርበው


ኪየቭ፣ ኅዳር 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ደርበው፤

እግዚአብሔር ጤናዎንም ጠመኔዎንም ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ለእናቴ ወፍራም ካፖርት፣ የበግ ቆዳ ቆብና ከጉልበት የሚደርስ ጫማ ሰጥተውኛል ብለው ይንገሩልኝ። ይህ እውነት ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ምድር ወገብን በድንች ላይ ቀበቶ አስረው ያስተማሩን ትዝ አለኝ። ድንቹን በኋላ ቀቅለን በላነው። እዚህ ካርታውም ሉሉም በየክፍሉ አለ፤ ድንች ይዞ የሚገባ መምህር ግን እስካሁን አላየሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ከማደሪያችን አጠገብ ካለው ሲኒማ ቤት ገባሁ። ቋንቋው ገና ይከብደኛል፤ ዳሩ ግን ይህን ትዕይንት ማንም ይረዳዋል። አንድ ወታደር ከጦርነት ሲመለስ ተርቦ ከአንዲት አሮጊት ቤት ይደርሳል። ሾርባ ትቀዳለታለች። ለመጀመሪያው ሳህን አዲሱን ቦት ጫማውን አውልቆ ሊሰጣት ይለምናታል፤ እምቢ ትላለች። ሁለተኛውን ሲጠጣ ጫማውን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ይስባል። ሦስተኛውን ስትቀዳለት ጫማውን አጥልቆ፣ እጁን ከደረቱ አድርጎ «በቃኝ» ይላታል። ያው ሾርባ ነው፣ ያው ድስት ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ለክፍልዎ ይሆን ይሆን?

ታናሽዎ ፈትለወርቅ


ላሊበላ፣ ጥር 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለብልኋ እህቴ ለፈትለወርቅ፤

የጥምቀቱ በረከት ካለሽበት ድረስ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ በገና ሰሞን ደረሰኝ። ካፖርቱን ለእናትሽ ነግሬያታለሁ። «ወፍራም ነው?» ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ፤ ሁለቴ መለስኩላት።

ሾርባሽ ይሆን ይሆን ትያለሽ? ሰሌዳውን በጠመኔ ለሦስት ከፈልኩት፤ ሦስት ሳህን፣ ሦስት ጊዜ ያን ቦት ጫማ። አሳሳሌን ታውቂዋለሽ፤ ወታደሩ ፍየል መሰለ። ሆኖም ሦስተኛው ሳህን ላይ ከመድረሴ በፊት ወለተ ሐና የምትባል ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። እስከዚያን ቀን ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። «የተዝካር ጠላም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ጣሳ ይመሰገናል፣ አራተኛው ይደፋል» አለች። መጽሐፉ ሁለት ገጽ የፈጀበትን ነገር ጨርሳ ተቀመጠች። እኔም ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አሁን ልጆቹ ሰኞ ሰኞ «የኪየቭ እህታችን ምን ላከች?» ይሉኛል። የማታውቂያቸው ሠላሳ ስምንት ዘመዶች አፍርተሻል።

አንድ የከበደኝ ነገር አለ። ሰው አንዱን ሲመርጥ ሌላውን ይተዋል፤ የመረጠው ነገር እውነተኛ ዋጋም ያ የተወው ነገር ነው። ይህን ብነግራቸው «ዋጋማ ነጋዴው የሚጠራው ነው» ብለው ድርቅ አሉ። ለዚህ የሚሆን ትዕይንት ከየትም ብለሽ ፈልጊልኝ። በአንቺ ተስፋ አለኝ።

አያሽ ደርበው


ኪየቭ፣ መጋቢት 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ደርበው፤

ጾሙ የበረከት ይሁንልዎ። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈተና ነበረብን፤ ሲኒማ ቤቱንም ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼበታለሁ። በመጨረሻ የጠየቁኝን አገኘሁ።

በረዶ በሚጥልባት ትንሽ ከተማ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ያላት አንድ ካፖርት ነው፤ ቀን ትለብሰዋለች፣ ስትተኛ ትደርበዋለች። ልጇ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ቤት በሌላ ከተማ ነው። ሴትዮዋ አንድ ጠዋት ካፖርቱን አጣጥፋ ከማገዶ ሸክም ጋር ተሸክማ ወደ ገበያ ትወጣለች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሸክሟን ከአንድ ድንጋይ ላይ አሳርፋ፣ የሚያሸክማት አላፊ አግዳሚ ትጠብቃለች። አንድ መንገደኛ መጥቶ ካፖርቱን እዚያው ልግዛሽ ይላታል። «ገበያ ሳልደርስ አልሸጥም፤ ይልቅ አሸክመኝ» ትለዋለች። ያሸክማታል።

ገበያ ላይ ካፖርቱን ትሸጣለች። በዋጋው ለልጇ ጫማ፣ ደብተርና ለስንቅ የሚሆን እህል ትገዛለች። እህል ሻጯ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ምርቃት ትጨምርላታለች፤ ሴትዮዋ ያቺን እፍኝ ለብቻዋ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራታለች። ቤቷ ስትደርስ ልጅቱ «ካፖርትሽስ?» ትላታለች። «አውሼው ነው» ትላለች እናትየዋ።

መጨረሻው ላይ ልጅቱ መንገድ ትጀምራለች። ዞር ስትል እናቷ እጆቿን በደረቷ አጣምራ፣ ትከሻዋን ሰብስባ ቆማለች። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

ርእሱን ሳልይዘው ቀረሁ። ልጆቹን ሁሉ፣ በተለይ ያቺን ከኋላ የምትቀመጠውን ሳሙልኝ።

ፈትለወርቅ


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈትለወርቅ፤

የትንሣኤው ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። ስለ ካፖርቱ ፊልም ብዙ የምነግርሽ አለ፤ ደስታውን ላስቀድም።

ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ አላሳለፍኩም። ድንጋዩን ሣልኩ፣ ሴትዮዋን ሣልኩ። የካፖርቱ ዋጋ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ እንደ ልማዳቸው የነጋዴውን ዋጋ የጠራ የለም። አንዱ «የልጅቷ ትምህርት ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ እሱ ያገኘችው ነው፤ ዋጋውማ ሙቀቷ ነው» ብሎ መለሰለት። በመጨረሻ ወለተ ሐና ተነሣችና «ሴትዮዋ ያን ዓመት በብርዱ ጊዜ ምን ለበሰች?» አለችኝ። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል ብዬ መለስኩላት። «እንግዲያውስ ዋጋውን ሳንጨርሰው ነው የቆምነው» ብላ ተቀመጠች።

አሁን ወደ ጭንቁ። በዚያው ክፍለ ጊዜ ከአውራጃ የመጣ ጓድ ሰጠኝ የሚባል ተቆጣጣሪ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዳሩ ግን ቅጽ ይዟል። በቅጹ ላይ የፊልሙ ርእስ፣ የተሠራበት አገርና የፈቀደው ክፍል መሞላት አለበት። ባዶውን ይዤ አልመለስም አለኝ። እስከ ሰኔ 15 ካላቀረብኩ ያልተፈቀደ ትምህርት እንዳስተማርኩ ተቆጥሮ ከክፍል እወጣና የንብረት ክፍል ቁልፍ ያዥ እሆናለሁ። ልጆቹ ፈተናቸው ቀርቧል። እኔም ብሆን ጠመኔ ከእጄ ከወጣ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም። ፈርቻለሁ፤ ላንቺ ልደብቀው አልችልም።

ርእሱንና አገሩን ብቻ ላኪልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።

ደርበው


ላሊበላ፣ ግንቦት 26 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለፈትለወርቅ፤

ሰላምሽ ይብዛ። መልስ አልደረሰኝም። ከወልድያ የሚመጣውን የፖስታ ከረጢት ሁለት ጊዜ አስፈትቼ አይቻለሁ። ደብዳቤ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በአንቺ አልፈረድኩም።

መልስ የከለከለሽ ሌላ ነገር ከሆነ ግን አትጨነቂ። ሰኞ ሙጃ እሄዳለሁ። ከእናትሽ ጋር የምንነጋገረው አለን።

ደርበው


ኪየቭ፣ ሰኔ 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአያ ደርበው፤

ሰላምታ ለማቅረብ እንኳ ፊት የለኝም። የሚያዝያው ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቀናት አልፈዋል። አራት ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀደድኩት። በአንዱ ላይ የሐሰት ርእስ ጽፌ ነበር፤ ልልከው ግን አልቻልኩም።

ፊልሙ የለም።

የሾርባውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ የተመላለስኩባቸው ሦስት ቅዳሜዎች ግን ምንም አልገባኝም። ሰዎቹ ሲስቁ ተከትዬ እስቃለሁ፣ ሲያለቅሱ አንገቴን እደፋለሁ። ቋንቋው አሸንፎኛል፤ እስካሁን በክፍሉ የመጨረሻዋ ነኝ። ይህን ለእርስዎ እንዴት ልንገር? ድንቹን ይዘው ያስተማሩኝ እርስዎ፣ «የኪየቭ እህታችን» የሚሉኝ ሠላሳ ስምንት ልጆች፣ ሁላችሁም ትጠብቁኛላችሁ። ሦስተኛው ቅዳሜ ዕለት ጨለማው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ከፊቴ የማይገባኝ ነገር ሲንቀሳቀስ፣ እኔ የማየው ሌላ ነበር። እናቴን ከሙጃ መውጫ ካለው ድንጋይ አጠገብ ቆማ አየኋት። እሷን ጻፍኩልዎ። የበግ ጠጉር ባናዋን ካፖርት አልኩት፣ ውርጩን በረዶ አልኩት።

ያልጻፍኩትም አለ። ባናዋን አውሼዋለሁ ስትለኝ አምኛት ላሊበላ መጣሁ። በዓመቱ ከአጎቴ ጋር ፍላቂት ገበያ ስንሄድ አንድ ሰው ለብሶት አየሁት። ጥጉ ላይ እናቴ በቀይ ክር የጣፈችው አለ፤ አይጠፋኝም። ሰውዬውን ገበያውን እስኪጨርስ ከኋላ ከኋላው ተከተልኩት። ምንም ሳልለው ተመለስኩ። ለእሷም እስከ ዛሬ እንዳወቅኩ ነግሬያት አላውቅም። ያቺ ልጅ ምን ለበሰች ብላ ስትጠይቅ መመለስ ያልቻልኩት ስለማላውቅ ነው። መጠየቅ ፈርቼ ነው የኖርኩት።

በእኔ ምክንያት ጠመኔው ከእጅዎ ከወጣ ራሴን ይቅር አልልም። ደብዳቤውን ለተቆጣጣሪው ያሳዩት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ፈትለወርቅ


ላሊበላ፣ ሰኔ 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማደንቅሽ እህቴ ለፈትለወርቅ፤

እንባሽን አብሺና ተቀመጪ፤ ይህ ረጅም ደብዳቤ ነው። ያንቺ የደረሰኝ ትናንት ወዲያ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ። ለጓድ ሰጠኝ አላሳየሁትም፤ አላስፈለገም።

ፊልሙ እንደሌለ ገና ሳነበው አውቄ ነበር። የኪየቭ ሱቅ እህል በቁና ሰፍሮ እፍኝ ምርቃት የሚጨምር ከሆነ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ልምጣ! ሸክሙን ድንጋይ ላይ አሳርፎ አሸካሚ የሚጠብቅስ ባቡር ባለበት ከተማ ምን ሊያደርግ? ያ ድንጋይ እኔም ስንት ቀን የቆምኩበት የሙጃው ድንጋይ ነው፤ ሴትዮዋም እናትሽ መሆኗ አልጠፋኝም። ዝም ያልኩት ታሪኩን ስለምወደው ነው። ርእሱን ስጠይቅሽም እያወቅኩ ነበር፤ ፈርቼ ነውና ይቅር በይኝ። ርእስ ፈጥረሽ ብትልኪልኝ ቅጹ ላይ እሞላው ነበር። አንቺ ግን እንቢ አልሽ፤ ከእኔ በለጥሽ።

ሙጃ ሄጄ ለአክስቴ እታገኘሁ ሁሉንም ነገርኳት። ታሪኩ የእሷ ነውና ሳላስፈቅዳት አፌን አልከፍትም። የመጋቢቱን ደብዳቤሽን ሳነብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስጨርስ «መቼ ነው የምትፈለገው?» አለችኝ። እኔ አንተ ነህ የምትፈለገው ያለችኝ መስሎኝ ቀኑን ነገርኳት። ለካስ «ሴትዮዋ መቼ ትፈለጋለች» ማለቷ፣ ስለ ራሷ ኖሯል። ሰኔ 15 ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ጎረቤቷን ሸጌንም ይዛ መጥታለች።

ጓድ ሰጠኝ ቅጹን አውጥቶ ርእሱን ጠየቀኝ። ልጆቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። «ፊልም የለም፣ ጓድ፤ ካፖርቱም ባና ነው። ሴትዮዋ ግን አለች» አልኩና በሩን ከፈትኩ። 

እናትሽ ገብታ ከሰሌዳው ሥር ቆመች። ጓድ ሰጠኝ ግራ ቢገባውም ከወንበሩ ተነሣላት። ከዚያ እንደ ሥራው «እናቴ፣ ባናውን በስንት ሸጡት?» አላት።

«እሱን የገዛኝን ጠይቀው ልጄ፤ ረስቼዋለሁ» አለችው። «እኔ የማውቀው ምን እንደተውኩ ነው።»

«ምን ተዉ?»

«የአንድ ዓመት ሙቀት። ባናውን ይዤ ብቀር የምተወው ደግሞ ልጄን ነበር።»

ፈትለወርቅ፣ መጽሐፉን ጨምቀሽ ብትጠጪው ይህን አታገኚበትም። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ልናገረው ስታገል የከረምኩትን ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። በዘመዴ የኮራሁበት ቀን እንደዚያ ያለ የለም።

ወለተ ሐና መች ታልፋታለች፤ ተነሥታ ያንኑ ጥያቄዋን ጠየቀች፦ ያን ዓመት በብርዱ ምን ለበሱ? እናትሽ ሸጌን በእጇ ጎትታ አስገባቻት።

«ይቺ ያኔ ባሏን በቀበረች በሦስተኛ ወሯ ነበር» አለች። «ባና ነበራት፣ ሰው አልነበራትም። እኔ ሰው ነበርኩ፣ ባና አልነበረኝም። አንድ ባና ለሁለት ደረብን፤ ወሬያችን ነው እንጂ ብርዱ እንቅልፍ አልነሳንም።»

ክፍሉ ሳቀ፤ ጓድ ሰጠኝም ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብዙ ጻፈ። በርእሱ ቦታ ላይ «የአካባቢ ተሞክሮ» ብሎ ሞላ፣ በአገሩ ቦታ «ሙጃ» አለ፣ በፈቀደው ክፍል ላይ ጥቂት አስቦ የራሱን ስም አስገባ። ከእንግዲህ ፊልም እንዳትለው ብሎ አስጠንቅቆኝ ሄደ። ጠመኔው ከእጄ አልወጣም። ልጆቹም ተፈትነዋል።

ስለ ቋንቋው አትፈሪ። ያልገባሽን ፊልም ተመልክተሽ ሠላሳ ስምንት ልጆች የገባቸውን የጻፍሽ ልጅ ሰዋስው አያሸንፍሽም። ለአስተማሪሽ አልገባኝም በያት። እኔ በሕይወቴ የምወደው ተማሪ አልገባኝም የሚለውን ነው።

ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ ሙጃ ሄጄ ለእናትሽ አነበብኩላት። ፍላቂት ላይ ስላየሽው ስትሰማ ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ከዚያ ይህን ጻፍልኝ አለች፤ ቃሏን ሳልቀንስ ሳልጨምር እነሆ፦

«ስድስት ዓመት ብቻሽን ሲበርድሽ የኖርሽው አንቺ ነሽ ልጄ፤ እኔስ ሞቆኝ ነበር። ብትጠይቂኝ ያን ጊዜውኑ እነግርሽ ነበር። ሸጌ ግን ተቀይማለች፤ በፊልሙ ውስጥ የለሁበትም ትላለች። ሁለተኛ ስትሠሪው አስገቢያት።»

ወንድምሽ ደርበው